የማክሰኞና የሐሙስ ካልኩለስ

ሩፒንደር ስሟ ሲነሳ የሰማችው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ መጭመቁን ጨርሶ ጸጥ ሲል ነው። እሷና ባሏ የሚኖሩበት ምድር ቤት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ በጣሪያው ሥር የሚያልፈው የማሞቂያ ቱቦ ደግሞ ከላይ የሚከፈተው በአማቷ ማዕድ ቤት፣ ልክ ከምግብ ጠረጴዛው ሥር ነው። በብርዱ ወራት ሙቀት ያመላልሳል፤ በሙቀቱ ወራት ወሬ ያወርዳል። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ቱቦ የሰማችው የሰው ሰርግ፣ የሽንኩርት ዋጋና የአማቷን የጉልበት ሕመም ብቻ ስለነበር ጆሮ ሰጥታው አታውቅም። ያን ዕለት ጠዋት ግን እርጥብ አንሶላ በእጇ እንደያዘች ቆመች።

«የኮርሶቹን ዝርዝር ሰጥቻታለሁ እኮ እማዬ» አለች የባሏ ታናሽ እህት አቭኒት። «አምስቱም ቀላል ናቸው። በሁለት ሴሚስተር ወረቀቷን ትይዛለች፣ ከዚያ አጎቴ ቢሮ ገብታ የጭነት መኪና ደረሰኝ ስትመዘግብ ትውላለች።»

«ዩኒቨርሲቲ አያስገባትም?»

«የትም አያስገባትም። እዚያው ተጀምረው እዚያው የሚያልቁ ኮርሶች ናቸው።»

«ታውቃለች?»

«ከየት ታውቃለች?»

ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጋጭ ተሰማ። አማቷ ጉርመጅ ካውር ሻያቸውን እያማሰሉ ነበር። ይሻላል አሉ በመጨረሻ፤ እሷ አራት ዓመት ደብተር ይዛ ብትመላለስ ይቺን ሕፃን ማን ያሳድጋል፣ እኔ እንደሆን ደረጃ መውጣት እንኳ አቅቶኛል፣ ባሏ ታጂንደር ጭነት መኪና እየነዳ በወር ሃያ ቀን መንገድ ላይ ነው። ከዚያ ስለ ባሚያ ማውራት ጀመሩ።

ሩፒንደር አንሶላውን ዘርግታ አሰጣችው። እንዳልተሰማት አድርጋ ሳይሆን እጇ ሥራውን ስለሚያውቀው ነው። ዝርዝሩን አቭኒት የሰጠቻት የዛሬ ሦስት ሳምንት ነበር፤ በወይን ጠጅ ቀለም፣ ከየኮርሱ ፊት ትንሽ ኮከብ እየሣለች ጽፋላት፣ ሩፒንደርም ለምስጋና ብላ ማታውኑ በለውዝ የተሠራ የሩዝ ገንፎ ጣፋጭ ሠርታ ወደ ላይ ወስዳላት ነበር። አቭኒት ሁለት ሳህን በላች። ሩፒንደር ያን ስታስታውስ ከሰማችው ሁሉ ይልቅ ያሳፈራት እሱ ሆነ፤ ቆማ ልጨምርልሽ ማለቷ።

ወደ ላይ ስትወጣ ሁለቱም እንደ ሁልጊዜው ነበሩ። ጉርመጅ ካውር ባሚያውን እየከተፉ፣ አቭኒት ስልኳን እያየች፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ የሆናት መህር ደግሞ ከጠረጴዛው ሥር አሻንጉሊቷን እያስተኛች። የሩፒንደር የምዝገባ ሰዓት ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ነበር፤ ኮሌጁ ለእያንዳንዱ ተማሪ የራሱን ሰዓት ይሰጣል፣ ከዚያ በፊት የኢንተርኔት መግቢያው አይከፈትለትም። ኮሌጅ ደርሼ ልምጣ አለቻቸው። ጉርመጅ ካውር ቀና ሳይሉ ይሄ ነገር በስልክ ነው የሚያልቀው አላለችሽም ወይ አቭኒት ብለው ጠየቁ። ሩፒንደር መታወቂያዬን በአካል ማየት ይፈልጋሉ አለች። በዚያ ቤት ለአማቷ የዋሸችው የመጀመሪያ ውሸት ነው፤ እንዴት እንደቀለላት ገረማት። አቭኒት ከስልኳ ቀና ብላ አየቻትና ተመልሳ አቀረቀረች። «ሻይ ጠጥተሽ አትሄጂም?» አሉ ጉርመጅ ካውር። ጠጥታለች። ልጅቱ እስከ ሰባት ሰዓት ብቻ ነው የምትቆይልኝ፣ ጉልበቴን ታውቂዋለሽ አሏት። ታውቀዋለች።

አውቶቡሱ ሦስት ዶላር ከምናምን ወስዶ በስኮት ሮድ ጎዳና ቁልቁል ወረደ፤ የሰርግ ልብስ መደብሮቹን፣ ወርቅ ቤቶቹን፣ አንድ ሳምንት ሳይሞላው ስሙን የሚቀይረውን ጣፋጭ ቤት እያለፈ። አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ ከጉርድዋራው፣ ከሲኮች ጸሎት ቤት፣ የሚያውቋት ነበሩ፤ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ከአማቷ ጋር ሰሃን የሚያጥቡ። መህር እንዴት ናት፣ ባልሽ የት ደረሰ፣ የጎመን ዋጋ አየሽ ወይ እያሉ ቆዩና ስለ አቭኒት ጠየቋት። ጥር ላይ ከኮሌጁ ወደ ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ልትሻገር ነው አይደል፣ አማትሽ እኮ የምሥራች ብላ ለሁላችንም ጣፋጭ ላዱ አድላናለች፣ ጉርመጅ የዱሮ ሳቋን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው አሏት። ሩፒንደር አዎ ልትሻገር ነው አለች። አንቺም ደግሞ ትንሽ ቢጤ ኮርስ ልትወስጂ ነው አሉ፣ ጎበዝ አሉና ጉልበቷን መታ መታ አደረጓት። ትንሽ ቢጤ የሚለው ቃል እስከ ኮሌጁ ማቆሚያ ድረስ አብሯት ወረደ።

የትምህርት አማካሪዋ ዶና የምትባል፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ካሮት እየቆረጠመች የምትሠራ ትልቅ ሴት ነበረች። ወረፋው ሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶ ነበር። ዶና የወይን ጠጅ ቀለሙን ዝርዝር ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ማነው የመረጠልሽ?»

«ዘመድ ነው።»

«ምን ለመሆን ነው የምትፈልጊው?»

ጥያቄው ተራ ጥያቄ ነበር፤ ዶና በቀን አርባ ሰው ትጠይቀዋለች። ለሩፒንደር ግን አዲስ ነበር። ኮሌጅ እገባለሁ ካለችበት ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ መቼ ትጀምሪያለሽ፣ ስንት ቀን ነው፣ በመኪና ማን ያደርስሻል ያላት ሰው ብዙ ነው፤ ይህን የጠየቃት አልነበረም። እዚህ ሁለት ዓመት ተምሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር፣ በንግድ ሥራ መመረቅ፣ ከዚያ የሒሳብ ባለሙያ መሆን ነው የምፈልገው አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብሎ ወጣና ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ ዞር አለ።

ዶና እርሳሷን አነሳች። የቢሮ ሒሳብ መዝገብ፣ የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ የደመወዝ አሠራር፣ የደንበኛ አቀባበል። መጥፎ ትምህርት አይደለም አለቻት፣ የራሴ እህት በዚሁ ነው ሥራ የያዘችው፤ ዩኒቨርሲቲዎቹ ግን አይቆጥሩልሽም። ከአምስቱ የሚቆጠርልሽ እንግሊዝኛው ብቻ ነው። ዓመቱን ጨርሰሽ ስትመጪ እንደገና ከዜሮ ጀምሪ ይሉሻል። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞራ የመግቢያ ፈተናዋን ከፈተች፤ ካሮቷንም አስቀመጠች። በሂሳብ ይህን ያህል ያመጣ ሰው በዚህ ሳምንት ወንበሬ ላይ አልተቀመጠም አለች። የት ነው የተማርሽው? ሩፒንደር የመንደሯን ስም ተናገረች፤ ከሞጋ ከተማ ወጣ ብሎ ነው፣ ለዶና ምንም ማለት እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ግን ስሙን በዚያ ክፍል ውስጥ መስማት ደስ አላት።

አዲሱን ዝርዝር አብረው ሠሩት። እንግሊዝኛ፣ የኢኮኖሚክስ መግቢያ፣ አካውንቲንግ፣ ካልኩለስ። አምስተኛው ደስ ያለሽን ነው፣ ከንግድ ጋር ባይገናኝም ይቆጠራል አለቻት ዶና። ሩፒንደር ዝርዝሩን ወደ ታች ስትጎትት ቆየችና ጂኦግራፊ መረጠች። ባሏ ማታ ማታ ሲደውል የሚጠራቸውን ከተሞች ካርታ ላይ መፈለግ ለምዳ ነበር፤ እሱ በእንቅልፍ ዓይኑ ያለፋቸውን ተራሮች በስማቸው የምታውቃቸው እሷ ናት። ካልኩለሱን አታሳድሪው አለቻት ዶና፤ የሁለተኛው ሴሚስተር ኮርሶች በእሱ ላይ ነው የሚቆሙት፣ መስከረም ላይ ካልወሰድሽው ዓመት ይጎትትሻል። ሦስት ክፍል ነበረው፤ ሁለቱ ሞልተዋል። ሦስተኛው ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ወንበር ቀርቶታል። ሁለት ሰዓት ተኩል ማለት መህርን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሌላ ሰው ያስፈልጋል ማለት ነው። ሩፒንደር ሰዓቷን አየች። አምስት ከሃያ ሲሆን መግቢያው ተከፈተና ስልኳ ላይ የምዝገባውን ቁልፍ ተጫነች። ስሟ ከካልኩለሱ አጠገብ ሲወጣ አየችና አውቶቡስ ልትጠብቅ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ቤት ደረሰች። መህርን አብልታ፣ ልብሱን አጣጥፋ ሳትጨርስ የምድር ቤቱ በር ተንኳኳ። አቭኒት ነበረች። አቭኒት ወደ ምድር ቤት አትወርድም፤ ከፈለገች ከደረጃው አናት ላይ ትጣራለች። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና መህርን ሂጂ ለአያትሽ ውሃ ስጫት አለቻት። ልጅቱ እስክትወጣ ጠበቀች።

«ባቢ፣ ተመዘገብሽ?» አለች። የወንድምን ሚስት እንዲህ ነው የሚጠሩት።

«አዎ።»

«የጻፍኩልሽን?»

«አይደለም።»

አቭኒት አንሶላው ላይ የወጣ ክር መምዘዝ ጀመረች። የማክሰኞና የሐሙሱን ካልኩለስ ወስደሻል አለች፤ እንደ ጥያቄ አይደለም ያለችው። ጠዋት አይቼዋለሁ አንድ ወንበር ነበረው፣ የእኔ ሰዓት ሰባት ነበር፣ ስገባ የለም፣ አሁን ከተጠባባቂዎቹ አንደኛ ነኝ አለች። ሩፒንደር አልገባትም። አንቺ እኮ ጨርሰሽዋል አለቻት። አቭኒት ክሩን በጣቷ ላይ ጠመጠመችው።

«ወድቄ ነው» አለች። «ሁለት ጊዜ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ነው የተናገረችው። ያለ ካልኩለስ ዩኒቨርሲቲው አይቀበላትም። መስከረም ላይ ካልወሰደችው ጥር ላይ መሻገር የለም። ላዱውን እናቷ ሳትጠይቃት ነው ሄዳ የገዛችው፤ አንዴ ከታደለ በኋላ ምን ትበል። ታጂንደርም አያውቅም። አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፣ በሚቀጥለው ሴሚስተር ትወስጂዋለሽ፣ ልቀቂልኝና ወዲያው ስልኬ ላይ ይመጣልኛል አለቻት። ባቢ እባክሽ አለች። ሩፒንደር የምታጣጥፈውን የመህርን ቀሚስ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ነበር» አለች።

የአቭኒት ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው፣ ወደ ቱቦው ሄደ። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ቀላ። እማዬ ናት ያለችኝ አለች። ክሩን ከጣቷ ፈትታ ደግሞ እሷ ብቻ አይደለችም አለች። የፈተናሽን ውጤት አይቻለሁ፣ ኢሜይልሽን እኔ አይደለሁ የከፈትኩልሽ፤ አንድ ክፍል ውስጥ ካንቺ አጠገብ ተቀምጬ እንድትበልጪኝ አልፈለግኩም። ይህን ስትል አላለቀሰችም፤ ሩፒንደርም ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር ብላ አሰበች። ላስብበት አለቻት። ቀሚሱን አንስታ ማጣጠፏን ቀጠለች።

ከሰዓት በኋላ ዳሉን፣ የምስር ወጡን፣ ጥዳ፣ ሊጡን አቡክታ ስልኳን ሁለት ጊዜ ከፈተችው። ሰርዝ የሚለው ቁልፍ ከኮርሱ ስም አጠገብ ነው፤ አንድ ጊዜ መንካት ይበቃዋል። እዚህ አገር በመጣች በመጀመሪያው ወር ታጂንደር መንገድ ላይ ሳለ ጨለማውን ፈርታ የተኛችው አቭኒት ክፍል ነው፤ ያኔ አቭኒት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ፣ ምድጃው እንዴት እንደሚለኮስ፣ ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ ምን እንደሚባል ያሳየቻት ያቺ ልጅ ናት። እንግሊዝኛዋ ሲሰበር ሳትስቅ የምታርማት እሷ ብቻ ነበረች። ሩፒንደር ይህን ሁሉ አሰበች፤ ኮከቦቹንም አሰበች፤ አቭኒት ተቀምጣ በእያንዳንዱ የውሸት ኮርስ ፊት፣ አምስት ጨረር እየቆጠረች ስትሥላቸው። ወንበሩ የማን ነው ብላ ራሷን ስትጠይቅ መልሱ ቶሎ ይመጣላታል፤ ያም ሆኖ ልቧ አላረፈም። ስልኩን ዘጋችና ሮቲ የሚሉትን ስስ ቂጣ መጋገር ጀመረች።

ማታ አራቱም ላይኛው ቤት ለራት ተቀመጡ። ታጂንደር እንደ ልማዱ ደወለ፤ ጎልደን ከተማ ነዳጅ ሊቀዳ ቆሟል። ጉርመጅ ካውር ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ከዳሉ ሳህን አጠገብ አቆሙት። ዝናብ አለ ወይ፣ በልተሃል ወይ ካሉት በኋላ ሚስትህ ዛሬ ተመዝግባ መጣች አሉ፤ ወደ ሩፒንደርም ዞረው አቭኒት የጻፈችልሽን ነው አይደል አሏት። አቭኒት ከሩፒንደር ቀድማ አዎ፣ እሱኑ ነው አለች። ዓይኗን ከሳህኗ አላነሳችም። ሩፒንደር የቀረበላት ነገር ገባት፤ ዝም ካለች ሌሊቱ በሰላም ያልፋል፣ ነገም፣ ምናልባት እስከ መስከረም ድረስ።

«አይደለም ማሚጂ» አለች፤ አማቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «የዩኒቨርሲቲውን ነው የወሰድኩት። ካልኩለስም አለበት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት።»

ከስልኩ ውስጥ የመኪና ጩኸት ብቻ መጣ። ጉርመጅ ካውር እጃቸውን በፎጣ ጠረጉ። ታጂንደር ሰምተሃል አሉ። ሰምቻለሁ አለ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ ለሩፒንደር ተናገረ፤ ያኛው ምን ነበረበት፣ በአንድ ዓመት አልቆ ሥራ ትይዢ ነበር፣ አራት ዓመት ረጅም ነው ብለን እኮ ተነጋግረን ነው አላት። ከማን ጋር ነው የተነጋገራችሁት አለችው።  ከእናቱና ከእህቱ ጋር እንደሆነ ሁሉም ያውቁታል። በየማታው ከተማ እየጠራላት፣ እሷም በካርታ እየተከተለችው፣ ይህን በልቡ ይዞ ኖሯል። ነዳጁ ሞላ፣ መልሼ እደውላለሁ አለና ዘጋ።

ጉርመጅ ካውር ስልኩን ከሳህኑ አጠገብ አነሱት። መህር ዳል የነካ ጣቷን እየላሰች ከአንዷ ወደ ሌላዋ ታያለች። ማክሰኞና ሐሙስ ልጅቱን ማን ያደርሳታል አሉ። ሩፒንደር ጎረቤት ያለችው ሴት ልጇን ስታደርስ አብራ ትወስድልኛለች፣ እኔ ደግሞ የሷን ከሰዓት አመጣላታለሁ፣ ስመጣ ጠይቄያታለሁ አለች። ጉርመጅ ካውር ሌላ ምክንያት ሲፈልጉ ታየባቸው። ትምህርቱ ላይ ደረሱ።

«ካልኩለስ ማለት የአትክልት ግዢ ሒሳብ አይደለም» አሉ። «ይቺ አቭኒት እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ ሌሊት ስታለቅስበት ነበር። አንቺ ትችይዋለሽ?»

«እሞክረዋለሁ ማሚጂ።»

«ሞክሪዋ። አቅቶሽ ስትመለሺ እኔ አንድ ቃል አልናገርሽም።» የሮቲውን መሶብ ወደራሳቸው ሳቡ። «እስከዚያው አቭኒት ታስጠናሽ። እሷ ጨርሳዋለች፤ አሁን ምኑም አያስቸግራትም። አይደል የኔ ልጅ?»

አቭኒት ቀና አለች። ሩፒንደርን ነው ያየቻት፣ እናቷን አይደለም። በዚያ ዓይን ውስጥ ልመና ብቻ ቢሆን ሩፒንደር ትችለው ነበር፤ ግን ፍርሃትም ነበረበት፣ ከፍርሃቱ ጋር ደግሞ ትንሽ ጥላቻ። አንድ ቃል ይበቃታል። ጠዋት በቱቦው የወረደው ሁሉ፣ ትንሽ ቢጤ ኮርስ የተባለው፣ አሁን ደግሞ የታጂንደር ዝምታ፣ ለሁሉም የሚበቃ አንድ ቃል አፏ ላይ ነበር። ጉርመጅ ካውር ልጃቸውን እያዩ ፈገግ ብለዋል፤ ሴትዮዋ በአውቶቡስ ውስጥ የነገሯትን ሳቅ ሩፒንደር ያየችው ገና አሁን ነው።

«አዎ ማሚጂ» አለች ሩፒንደር። «እሷ ታስጠናኛለች።»

ጉርመጅ ካውር ረክተው ከመሶቡ ሁለት ሮቲ አወጡ። አንዱን ደረቁን ሩፒንደር ሳህን ላይ አደረጉ፤ ሌላውን ቅቤ ቀብተው፣ በእጃቸው ጠቅልለው ለአቭኒት አቀበሏትና ብይ፣ ለሚያስተምር ሰው ጉልበት ያስፈልገዋል አሏት። አቭኒት ተቀበለች። ቆረሰችና ጎረሰች፤ ለመዋጥ ግን ጊዜ ወሰደባት። ሩፒንደር ውሃ ቀድታ ብርጭቆውን አጠገቧ አኖረችላት። አቭኒት አላነሳችውም።